ቀዩ ታፔላ የበራባቸው ምሽቶች

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጠዋት፦ ስድስት ካርቶን አምፖል ተረከብኩ። አንድ በአንድ ሶኬት ላይ ፈተሽኩ። አሥራ አንዱ ተሰብሯል፤ አራቱ ባይሰበሩም አይበሩም። አንዱ ጥቅል ገመድ ከተባለው ያጥራል። ለአስመጪው ደወልኩ። "መንገድ ላይ ነው የተሰበረው" አለኝ። ካርቶኑን ያሸገው መንገዱ አይደለም አልኩት። ይቀይራል።

ታፔላው ከትናንት ወዲያ ተሰቀለ። ኒዮን ነው፣ ቀይ፣ የሱቁ ስም ከዳር እስከ ዳር። ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው ትልቁ ሱቅ ደንበኛዬን ማማለል ከጀመረ ወዲህ የሠራሁት የመጀመሪያ ደህና ነገር ነው። ሠሪው አረንጓዴም ሰማያዊም አለ ብሎኝ ነበር። ቀይ ያልኩት ለእህቴ ስል ነው።

ታናሽ እህቴ ኮረብታው ላይ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ተመራማሪ ናት። ከሱቁ በላይ ባለው ቤት አብራኝ ትኖራለች። አምና ፊውዝ ላደርስላት ስወጣ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ ከአንዲት ቀይ አምፖል ሌላ መብራት አልነበረም። "ቀይ መብራት ጨለማ የለመደን ዓይን አይረብሽም" ብላኝ ነበር። ያን አልረሳሁም። ታፔላውን ሳዝዝም ጠየቅኳት፤ አፏ የጥርስ ሳሙና ሞልቶ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው።

የሥራ ውሏ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቃል። የሚታይ ውጤት ካላመጣች አይታደስም። በዚህ ከተማ ሌላ መመልከቻ የለም፤ ውሉ ካልታደሰ ሌላ አገር ትሄዳለች። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሳውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ምሳ ላይ እህቴ ሳትጎርስ ስታወራ ምግቡ ቀዘቀዘ። ያልገባኝን እያስደገምኩ የተረዳሁት ይህ ነው።

ጋላክሲ ማለት ቁጥር ስፍር የሌለው የከዋክብት ስብስብ ነው። ጋዝ ያለው ጋላክሲ ከጋዙ አዳዲስ ኮከብ ይወልዳል። ጋዙን የጨረሰ ያረጃል፤ ያሉት ይኖራሉ፣ አዲስ አይወለድም። ኮከብ ሲወለድ በዙሪያው ያለው ጋዝ አንድ ዓይነት ቀይ ብርሃን ይሰጣል። እህቴ ያንን ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት አላት። መስታወቱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ቴሌስኮፑ ላይ ገጥማ ወደ አንዲት ያረጀች ጋላክሲ አዞረችው፤ ምንም አይወጣም ብላ። ከጋላክሲዋ ዳርቻ ላይ ቀይ ፍካት ወጣ።

"ባዶ መደርደሪያ ያለው ሱቅ ነው እንግዲህ" አልኳት። "ደንበኛው ግን ዕቃ ይዞ ይወጣል።"

"እንደዚያ ነው፣ እታለም። ዕቃውን ከየት አመጣችው? ጥያቄው እሱ ነው።"

ቅዳሜ ታይቷል፣ ሰኞ ታይቷል፣ ትናንትም። እሑድ አልታየም። ጋላክሲዋ በምሽት ከከተማው በላይ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው፤ ዝቅ ባለ ሰማይ ላይ ጉም ይበዛል አለች። በየቀኑም ትንሽ ቀድማ ትጠልቃለች። መጋቢት ሲያልቅ ጨርሳ ትሄዳለች፤ ከዚያ እስከሚመጣው ዓመት የለችም።

ፊቷ እንደዚህ ሆኖ ያየሁት ትምህርቷን የጨረሰች ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ሥራ በዛ። በምሽት ብቻ ዘጠኝ ደንበኛ፣ ስድስቱ አዲስ። ሁሉም "ከሩቅ ታየን" ይላሉ። ማዶ ያለው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ታፔላዬን ሲያይ አየሁት። ሰላም አልኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ደመና። ሁለተኛ ቀን። እህቴ ቤቱን ትዞራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። "ተቀመጪ፣ ደመና በመስኮት አይባረርም" አልኳት። ሳህን አጠበች፤ ንጹሕ የነበረውን።

አለቃዋ የሶኬት ማከፋፈያ ሊገዛ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ለስላሳ ሰው፣ ለስላሳነቱ ግን ያስጨንቃል። የማን እህት እንደሆንኩ ያውቃል። ስልክ ላይ ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁት፦ "ጎበዝ ናት፤ ግን ጎበዝነት ብቻውን ውል አያሳድስም።" ሲዘጋ ፈገግ አለልኝ። "ይሄኛው ይበረክታል?" አለኝ። እንደ አያያዝዎ ነው አልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ቸኩያለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የማጠፋውን ታፔላ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሦስት ተኩል ላቆየው። ሦስት ሰዓት ላይ አሁንም መንገዱ ሰው አለው። ሰማዩ ጠርቷል።

ሰኞ፣ የካቲት 16

እህቴ ጠዋት ሱቅ ወረደች፣ ፀጉሯ ሳይበጠር። እሷ ጠዋት አትነሣም።

"እታለም፣ ዓርብና ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፍካቱ ይደክማል። አሁን እስከ ሦስት ተኩል ቆየልኝ።"

"ሰማዩ ደግ ሆነልሽ" አልኳት።

"እሑድ ግን እንደገና ምንም። እሑድ እሑድ ምን እንደሚነካኝ እንጃ።"

"እሑድ ሰማዩም ያርፋል" አልኳት። ሣቀች። ደንበኛ ገባ።

ማታ አብረን ስንበላ ደካማ የሆኑትን ምሽቶች ምን እንደምታደርጋቸው ጠየቅኳት። ትጥላቸዋለች። "ካንቺ የተማርኩት ነው። ካርቶን ሲመጣ አንድ በአንድ ትፈትሻለሽ፣ የማይበራውን ትለያለሽ።" ደስ አለኝ። ከዚህ ባንኮኒ ሥር ያደገች ልጅ ናት። እንግዲያው ጽፈሽ ጨርሺና አውጪው፣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ አቧራ ይጠጣል አልኳት። ቢያንስ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቆይ አለች። አጥብቄ ተናገርኳት። ውሉን አነሳሁ። እንዳላነሳው ለራሴ የነገርኩትን።

ዛሬ ማታ መጻፍ እጀምራለሁ አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ትናንት ማታ የታፔላው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ገና ሳይመሽ ጭስ ሸተተኝ፤ ነቀልኩት። ዛሬ ጠዋት አዲስ አስገጠምኩ። ሠሪው ዋስትና የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ መሰለ።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እህቴ ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ ከፈተች። ሥዕሉን እስካሁን አላሳየችኝም ነበር። ጋላክሲዋ መሐል ላይ አለች፤ ጭጋጋማ እንቁላል። ፍካቱ በስተቀኝ ነው። ቀጭን፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ቅስት።

ማታ ማታ ታፔላው በባንኮኒው መስታወት ጥግ ላይ ሲያርፍ እንዲሁ ይጎብጣል።

ብዙ ነገር ይጎብጣል።

ሠንጠረዡንም አሳየችኝ። የበራ ምሽት፣ የደከመ ምሽት። የደከሙት እሑዶች ናቸው። ከሥራቸው አንድ ብቻ ረቡዕ አለ፤ ትናንት። "ትናንት ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም" አለች። እሑድ ሱቅ እንደምዘጋ፣ ታፔላው እንደማይበራ ታውቃለች። እዚሁ ነው የምትኖረው። ትናንት ግን ታፔላው ሲጠፋ ኮረብታው ላይ ነበረች።

ራሴን አሞኝ በጊዜ ገባሁ። ሳይሆን አይቀርም ቅዝቃዜው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

የሸጥኩት ብዙ ነው፣ መጻፍ አልፈልግም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሊያማርር መጣ። "ጎረቤት፣ ባንቺ ቀይ መብራት ሰማያዊው ጨርቅ ጥቁር መሰለኝ፤ የሰው ሱሪ በጥቁር ክር ሰፋሁ።"

"መጋረጃ አድርግ።"

"መጋረጃ ልስፋ? በየትኛው ክር?"

ሌላ ቀን ቢሆን እሥቅ ነበር። የኔ መብራት ያንተን መርፌ ይመራል እንዴ አልኩት። ደንገጥ አለ። ደግ ሰው ነው። ከሄደ በኋላ ደግሞ መጋረጃ ዘንግ በነጻ ላክሁለት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ታፔላው ዛሬ አልበራም። ለሰፊው ትራንስፎርመሩ ጋለ አልኩት። አልጋለም። እኔ ነኝ ያላበራሁት። ምሽቱ ጥርት ያለ ነው። ለእህቴ ምንም አልነገርኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

"ትናንት እንደ እሑድ ሆነብኝ" አለች። ሳትጠየቅ።

አንድ ቀን ማስረጃ አይሆንም። አንድ የማይበራ አምፖል ካርቶኑን አያስመልስም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ትናንት ያደረግሁትን በሰዓቱ ጻፍኩት። ታፔላው በርቶ እስከ አንድ ተኩል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ከሩብ ጠፋ። ከዚያ እስከ ሦስት ተኩል በራ። አንድ ደንበኛ "ታፔላሽ ይጠቅሳል እንዴ?" አለኝ።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ ሾርባ እየጨመርኩላት፣ እንደ ዋዛ፦ "ትናንትስ እንዴት ነበር?"

"ሰማዩ አብዷል፣ እታለም። መጀመሪያ ነበረ። መሐል ላይ ድንገት ጠፋ፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ተመለሰ።"

"ደመና ይሆናል።"

"አንድም አልነበረም። ካሜራው ይሆናል። ያንን ሰዓት እጥለዋለሁ።"

አርባ አምስት ደቂቃ። እሷ ያለችው እንጂ እኔ ያልኩት አይደለም።

ሾርባው ጨው በዝቶበታል አለች። አዎ።

እሑድ፣ የካቲት 29

ሱቅ ዝግ። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስደረድር ዋልኩ፤ የተደረደረውን።

ነገሩን እንደ ንግድ ልየው። ብነግራት ውጤቷ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ይዛ አለቃዋ ፊት ትቆማለች፤ ውሉ ያልቃል፤ ትሄዳለች። ባልነግራት ጽፋ ታወጣዋለች፤ ምናልባት ማንም አያውቅም፤ ምናልባት በዓመቱ ሌላ ሰው በሌላ ቴሌስኮፕ ያይና ምንም የለም ይላል። ያኔ እሷ ያልነበረ ኮከብ አየሁ ያለች ሰው ትሆናለች። የትም ብትሄድ ስሟ ቀድሟት ይደርሳል።

ታፔላውን ዝም ብዬ ባወርደውስ? ያኔ ፍካቱ ጨርሶ ይጠፋባትና ምክንያቱን ስትፈልግ ታብዳለች። ወይም ታገኘዋለች፤ ያወቅሁ መሆኔንም አብራ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ታፔላው ያመጣልኝ ደንበኛ ጉዳይ አይደለም። ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ አይደለም። ቢሆንም ከሰቀልኩት ወዲህ ሱቁ ሞልቶ የማያውቀውን ያህል ሞልቷል።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ትናንት አልነገርኳትም። ተኝታ ነበር፤ ከዚያ ደንበኛ በዛ፤ ከዚያ ሄደች።

ዛሬ አለቃዋ መጣ። የጠረጴዛ መብራት ፈለገ። ፊቱ በርቷል። "እህትዎ ሳትነግርዎ አልቀረችም። መጋቢት አሥር እንግዶች ይመጣሉ፤ ለመመልከቻው የሚረዱን ሰዎች ናቸው። ግኝቷን እዚያ ታቀርባለች። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ውሉስ?" አልኩት። እሱን ጥያቄ ማንሣት የኔ ቦታ አልነበረም።

"እንዲህ ያለ ነገር ያመጣችን ልጅ ማን ይሸኛል?"

መብራቱን ጠቀለልኩለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። "ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" ማለት። በእጄ ወረቀቱን እያጠፍኩ ቆሜ "ሁለት አምፖል ይጨምሩበት፣ ይህ ዓይነት ቶሎ አይገኝም" አልኩት።

እሱም ጨመረ። ይህችን ነው እንግዲህ የቻልኩት፤ ሁለት አምፖል መሸጥ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ነገርኳት።

እንዲህ ነበር። ጠዋት ወረደች፤ አዲስ የመጣ ካርቶን እየፈተሽኩ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ ልጅነቷ አምፖሉን እያነሳች ታቀብለኝ ጀመር። አንዱን እጇ ላይ እያዞረች፦

"እታለም፣ ከሠላሳ ስንቱ የማይበራ ቢሆን ካርቶኑን ትመልሻለሽ?"

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ከሃያ ስምንት ምሽት ሰባቱን ጥያለሁ። ደመና የሌለባቸውን ሰባት። በዛብኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ጥሎ ቢያሳየኝ አላምነውም ነበር።"

ሶኬቱ ላይ ያለው አምፖል በርቶ ነበር። ነቀልኩት።

"ያን ያህል ሲበዛ አምፖሉን አልመልስም። ሶኬቱን ነው የማየው።"

"የኔ ሶኬት ምንድን ነው?"

"ታፔላው።"

አልገባትም። ከመሳቢያ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። የበራበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ እሑዶቹ፣ የተቃጠለበት ረቡዕ፣ ማክሰኞ፣ የዓርቡ አርባ አምስት ደቂቃ። እንደ ሂሳብ ሹም ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደችበት። ላፕቶፗን አልከፈተችም፤ ሠንጠረዡን በቃሏ ታውቀዋለች።

"መቼ አወቅሽ?"

ሃያ ሰባት ማለት እችል ነበር። የሞከርኩበት ቀን ነው፤ ውሸት አይሆንም።

"የካቲት አሥራ ዘጠኝ።"

"አሥራ አራት ቀን።"

"እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።"

"እርግጠኛ መሆን የኔ ሥራ ነው፣ እታለም። ያንቺ ሥራ መናገር ነበር።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

"ቀይ ያስደረግሁት ለአንቺ ብዬ ነው" አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ጊዜው አልነበረም።

"አውቃለሁ። እኔም እሺ ብያለሁ። ቀይ የማይረብሸው ዓይንን ነው፤ መስታወቱ ዓይን አይደለም። መስታወቱ የሚጥለው ሌላውን ነው፣ ቀዩንማ ይቀበላል።" ወረቀቱን አጠፈች። "አምና የዚህን ከተማ መብራት አንድ በአንድ መዝግቤያለሁ። የመንገዱን፣ የጣቢያውን፣ የሆቴሉን ሳይቀር። ዘንድሮ ደግሞ በየምሽቱ ከዚህ ታፔላ ሥር አልፌ እወጣለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።"

ወጣች። የቀሩትን አምፖሎች ብቻዬን ፈተሽኩ። ሁሉም ይበራሉ።

ታፔላውን ከዋናው መስመር ነቀልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ሐሙስ ማታ ደውላ "አብሪው" አለችኝ። ለአሥር ደቂቃ። የቴሌስኮፑን ጉልላት አዙራ ሌላ መሣሪያ ወደ ሱቁ አነጣጥራ ለካችው። "አጥፊው።" ሌላ ቃል የለም። የታፔላው ቀይ መስታወቷ በሚያሳልፈው ቀይ ላይ ልክ ያርፋል፤ ከቴሌስኮፑ ቱቦ የውስጥ ጎን ነጥሮ ካሜራው ላይ ቅስት ይሠራል። ይህን የነገረችኝ ዛሬ ነው፤ በጣም በአጭሩ፣ ደረጃ ላይ ቆማ።

ዓርብ ማታ በጨለማ ደግማ አየች። ቅስቱ የለም።

ሱቅ፦ ምሽቱን ሁለት ደንበኛ፣ ሁለቱም የድሮ። ሰፊው ብቅ አለ። "ጎረቤት፣ ሱቅሽ ታመመ እንዴ?"

"ዓይኑን እያሳረፈ ነው።"

"እኔን የምታስቢ ከሆነ ግዴለም፣ መጋረጃውን ሰቅያለሁ።"

ለአንተ አይደለም አልኩት። ትንሽ ከፋው መሰለኝ። በዚህ ሰሞን ሰው ሳላስከፋ የዋልኩበት ቀን የለም።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ዛሬ አብረን በላን። ከሐሙስ ወዲህ መጀመሪያ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሳብሰለስለው የቆየሁትን ተናገርኩ። "ለአለቃሽ የግድ ታፔላ መባል አለበት? ደግሜ ሳየው ጠፋ ብትይስ? መሣሪያው ነው ብትይ? ታፔላው አይበራም ከእንግዲህ። ማን ያውቃል?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የተሰነጠቀ አምፖል አሽገሽ ሸጠሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ እኔን ለምን ሽጪ ትይኛለሽ?"

በሃያ ሁለት ዓመት ንግድ አንድም ደንበኛ እንዲህ አላፋጠጠኝም።

ስለ ጋላክሲዋ ጠየቅኳት፤ ሌላ የምጠይቀው ስላጣሁ። "ምንም የላትም" አለች። "ሦስት ምሽት በደንብ አየኋት። አዲስ የሚወለድ የለም። ያረጀች ናት፣ እንደሚባለው። ይህም ይጻፋል፤ በዚህ ልክ ፈልጌ የለም ማለትም ውጤት ነው። አሥራ አምስት ጥሩ ምሽት ካገኘሁ ይሞላል።"

"ውል ያሳድሳል?"

"አያሳድስም መሰለኝ።"

እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። ሳህኖቹን አነሳች፤ ከጀርባዋ አየኋት፣ ትከሻዋ የወትሮው አይደለም። ሂጂ፣ አትሂጂ የምል ሰው አይደለሁም። ያለኝን የምናገርበት አሥራ አራት ቀን ነበረኝ፤ አሳለፍኩት።

ከዚያ እጇን እየጠረገች፦ "ነገ ለዶክተር እነግረዋለሁ። ቃል ሰጥቷልና ይቆጣል። ደካማ ምሽቶችን ስትጥል ተይዛ ታፔላ ፈጠረች የሚል አይጠፋም። ሰዓቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

"ልምጣ?"

"እንደ ፈቀድሽ።"

ነገ፦ ሱቅ እስከ ስድስት ሰዓት ዝግ፤ በሩ ላይ ወረቀት መለጠፍ። ታፔላው የበራና የጠፋበትን ሰዓት፣ ከየካቲት አሥራ ዘጠኝ ጀምሮ ማወቄንም ጨምሮ፣ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ፣ መፈረም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከእህቴ ጋር ኮረብታው፣ ዶክተሩ ቢሮ። ቀድሜ የምናገረው እኔ።